ኅዳር፣ ጀልባና መንጠቆ

ኅዳር ላይ ሐዋሳ የሚሄዱ ከሆነ አሞራ ገደል ዓሣ በልተው ብቻ አይመለሱ። አንድ ቀን ማልደው ይነሡና ልጆቹን ይዘው በጀልባ ያጥምዱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ጭጭ ብሏል፤ ብርዱ ግን ያንዘፈዝፋል፣ ጋቢ ይያዙ።

መንጠቆው ላይ ትል ሰክተው ይጠብቃሉ። ቆሮሶ ስትያዝ ለልጆቹ ይህን ይንገሯቸው፦ እናቲቱ እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ አያገኛትም፤ መረብ ግን አይምራትም። ትንንሾቹን ወደ ውሃው ይመልሱ። አምባዛ ከያዘልዎ ክሩን ለባለጀልባው ይስጡ (ባለቤቴ እምቢ ብሎ ክሩ ጣቱን ቆርጦታል)።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ነገር ግን ቀልድ አይደለም። አምና «ሐይቁ ጸጥ ብሏል፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» ተባልንና ይሉኝታ ይዞን ያለ ጃኬት ተሳፈርን። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። የ6 ዓመት ልጄን ጨምድጄ እንደያዝኩ ዳርቻውን አያለሁ፤ አይቀርብም። ዘንድሮ በልኳ የሆነ ጃኬት ከአዲስ አበባ ገዝተን ሄድን፤ ከ5 ሰዓት በፊትም ከጀልባው ወረድን። ባለጀልባው ሳቀብን። ይሳቅ።