«በዘፈን ስንት ነው?»

የሙዚቃ አቀናባሪ ስልኩ ሲጠራ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚሰማው ይህንኑ ነው፦ «በዘፈን ስንት ነው?» መልሱም ብዙ ጊዜ «አንተ እንዳየህ» ነው፤ ካልሆነም ባለፈው ወር ሌላ ዘፋኝ የከፈለው ቁጥር። ጠያቂውም ተጠያቂውም ስለ ሥራው ገና ምንም አልተነጋገሩም። መሰንቆ ይገባበታል? ድምፁ የት ይቀረጻል? ሚክሲንጉ የማን ነው? አጃቢ ድምፅ ለሚያወጡት ማን ይከፍላል? አንዱም አልተነሣም። በአቀናባሪና በዘፋኝ መካከል የምሰማው ቅያሜ ሁሉ ከገንዘቡ ማነስ የመጣ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ዘፈንን እንደ ስኳር በኪሎ ከመሸጥ የመጣ ነው።

የምኖረው አያት ነው፤ ከጦር ኃይሎች የሚነሣው ባቡር መጨረሻው ላይ። የመሀል ከተማ ኪራይ የገፋቸው ወጣት አቀናባሪዎች እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኝታ ቤታቸውን ስቱዲዮ አድርገዋል። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ። ድምፅ የሚቀርጹት ማታ ነው፤ ቀን ቀን ከማያልቀው ግንባታ የግራይንደሩ ጩኸት ፋታ አይሰጥም። ደንበኛው ታዲያ ደረጃውን ወጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የቀረበለትን ሻይ እየጠጣ በልቡ «ቤቱ ነው የሚሠራው፤ ምን ወጪ አለበት?» ይላል። አንዳንዱ በልቡም አይደብቀውም።

ወጪውን እስቲ እናስላው። የማነሣቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው። የቤቱ ኪራይ፣ ቀለቡ፣ መብራቱ፣ ኢንተርኔቱ፣ ለዕቃው እድሳት የሚቀመጠው ተደምሮ በወር 60,000 ብር ይሁን። ወሩ 30 ቀን ቢሆንም መብራት የጠፋበት፣ ዘፋኙ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ የቀረበት፣ ደንበኛ ሲያነጋግር የዋለበት ሁሉ ሲቀነስ የሚሸጥ ቀን 15 ቢተርፈው ነው። እንግዲህ የአንዱ ቀን ዋጋ 4,000 ብር መጣ። ዘፈኑ ስድስት ቀን ከወሰደ ያለ ምንም ትርፍ 24,000 ብር ሆነ። የመሰንቆና የዋሽንት ተጫዋቾቹ ክፍያ እዚህ ውስጥ የለበትም። ይህን ሒሳብ ያልሠራ አቀናባሪ 15,000 ሲባል «እሺ» ይልና በየዘፈኑ ዘጠኝ ሺህ ብር ለዘፋኙ እየመረቀ ይኖራል። ደግነት እንዳይባል አያውቀውም፤ እንዳያመሰግነው ዘፋኙም አያውቅም።

ዕቃው ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ሳውንድ ካርዱም፣ ማይኩም፣ ሶፍትዌሩም አብረው ወጡ። ከዚያ በፊት በቃል የተነገረ ዋጋ ላይ ተቀምጦ የቀረው ግን ስንቱ ነው።

ለምን እንዲህ ሆንን ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። ይህ ሙያ ከታላላቆቹ የወረሰው ዋጋ የለውም። ሣህሌ ደጋጎ ሲያቀናብር የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠርቷል። ለእነሱ ቅንብር የወር ደመወዝ ውስጥ ያለ ሥራ ነው፤ ለአንድ ዘፈን ስንት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አዝማሪውማ ጭራሽ ዋጋ አይናገርም፤ ይሸለማል። አምሐ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ነገሩ መለወጥ ያዘ፤ በካሴቱ ዘመን ሮሃንና ዳህላክን የመሰሉ ባንዶች አልበም ሙሉ ያጅቡ ነበር፤ ከፋዩም በአብዛኛው ሙዚቃ ቤቱ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ድምፃውያኑን ዘሪቱ ከበደንና እዮብ መኮንንን ይዞ ብቅ ባለበት ዘመን አንድ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ የባንዱን ሥራ መሸከም ጀመረ። ስድስትና ሰባት ሰው ይሠራው የነበረው አንድ ሰው እጅ ሲገባ ክፍያውም የአንድ ሰው ሆነ። ኤልያስ ራሱ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ወደ ማቋቋም የሄደው የገቢው ነገር ስላንገበገበው ይመስለኛል። መተግበሪያው በ2011 ወጣ፤ እሱ መስከረም 2012 ላይ አረፈ።

ሕጉስ? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅንብርን ራሱን የቻለ፣ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህን የሚያውቅ አቀናባሪ አለ፤ ወረድ ብሎ ያነበበ ግን አላጋጠመኝም። ተቀጥሮ ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያው ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው ይላል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ናት ጉዷ። በይሉኝታ ዝም ያለ ሰው በነፃ አልተወውም፤ ሸጦታል። ስለዚህ 24,000 ብር ሲባል ለስድስት ቀን ጉልበት ብቻ ነው ወይስ ቅንብሩም ጭምር ተሽጧል? ሁለቱ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይችልም። ደራሲነትን የማስጠራት መብት ግን በገንዘቡ ውስጥ አይጠቃለልም፤ ዩቲዩብ ላይ ከዘፈኑ ሥር የአቀናባሪውን ስም መጻፍ እንደ ችሮታ የሚቆጠርበት ምክንያት አይገባኝም።

ለዘፋኙም ልናገርለት። ዛሬ ሙዚቃ ቤት ቀብድ አይሰጠውም። ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩን፣ ክሊፑን የሚከፍለው ከኪሱ ወይም ውጭ አገር ካለች እህቱ ነው፤ ዘፈኑ ካልሄደ የሚደርስለት የለም። ስለዚህ «አሁን ግማሹን፣ ቀሪውን ከዩቲዩቡ» ሲል ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። ከገቢው ድርሻ መውሰድ ክፉ ነገር አይመስለኝም፤ ድርሻው በመቶኛ ከተጻፈ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ከታወቀ፣ የገቢውን ቁጥር የማየት መብት ካለበት። እነዚህ ከሌሉ ቀሪው ክፍያ የለም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያፈሰው እርማት ነው። «ከበሮው ትንሽ ይውረድ» ብሎ የጀመረው ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቅኝቱን ከትዝታ ወደ አምባሰል ካልቀየርን ይላል። ይህ እርማት አይባልም፤ ሁለተኛ ዘፈን ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ለኦርኬስትራ የሚጽፉ ባለሙያዎችን ክፍያ በገጽ ይተምናል፤ ገጽ የሚባለውም አራት ባር ነው። ዋጋው ለእኛ አይሆንም፣ ኖታ የሚጽፍልንም ጥቂት ነው። የምቀናበት ግን መለኪያቸው ነው፦ ሥራ ሲጨመር ክፍያ እንደሚጨመር ማንም አይከራከርበትም። እኛም በቀን ብንቆጥር፣ እስከ ሁለት እርማት ዋጋው ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ በቀን ይታሰባል ብንል ያው ነው። የሙያ ማኅበራት ዝቅተኛ ዋጋ ያውጡ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ አልተዋጠልኝም። የሚቆጠረው ነገር ሳይታወቅ የዋጋ ወለል ቢወጣ በማግስቱ ሁሉም በወለሉ ሥር ይሠራል።

መዝሙር ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አያት ካሉት ስቱዲዮዎች ብዙዎቹን የሚያኖራቸው መዝሙር ነው፤ «አገልግሎት ነው» ሲባል ግን ማን ዋጋ ይከራከራል? ማገልገል የፈለገ በነፃ ይሥራ፣ ነውር የለበትም። ግን በነፃ ነው ተብሎ ይነገር እንጂ እየከፈሉ ግማሹን «ለእግዚአብሔር» ማስቀረት ሌላ ነው።

ከፎቄ በላይ ያለው አቀናባሪ ጎረቤቴ በቅርቡ ዋጋ ከመናገሩ በፊት መጠየቅ ጀምሯል። ስንት መሣሪያ በሰው ይገባል፣ የፕሮጀክቱ ፋይል የማን ይሆናል፣ እርማቱ ስንት ነው፣ ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት። አንዱ ዘፋኝ ወረቀቱን አይቶ «ወንድሜ፣ ሙዚቃ እኮ ነው፤ ቤት አይደለም የምንሠራው» አለው። ጎረቤቴም «ቤት ቢሆንማ ፕላን ሳትይዝ አትመጣም ነበር» አለ። ዘፋኙ ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ዘፈኑን ሌላ ሰው ዘንድ በግማሽ ዋጋ አሠርቶ አውጥቶታል፤ ሰማሁት፣ መጥፎ አይደለም። አቀናባሪው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።