ከውስጥ የሚያልቅ ጎማ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መኪና ጎማ ነው። «የመጋቢ ሚስት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጎሚስታ ሆነች?» እንዳትሉኝ። በቅርቡ ሁለት የምንወዳቸው ባልና ሚስት በጎማ ምክንያት ተኳርፈው ቤታችን መጥተው ነበር። ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው ግን ይቆየን።

ሁለቱም የሚኖሩት እዚሁ አሶሳ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላ፣ መኪና ልግዛ የሚል ሰው ዓይኑ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞረ። በዚያ ላይ በክልላችን በጉባ ወረዳ የተሠራውና ጷጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው። «መብራቱ ከደጃችን እየመነጨ ለምን ቤንዚን ፍለጋ እንንከራተታለን?» ተባብለው፣ የእርሱን ቁጠባና የእርሷን ዕቁብ ደምረው ገዙ።

ብዙ ወራት ሳይቆይ የመኪናው የኋላ ጎማዎች አለቁ። አዲስ ገዝተው ቀየሩ። እነዚያም እንደ ፊተኞቹ ጊዜያቸው ሳይደርስ አለቁ። የፊቶቹ ግን ደህና ነበሩ። ጭቅጭቁ የተጀመረው ያኔ ነው። ባል «አንቺ መኪናውን ስለምታስፈተልኪው ነው» አለ። ሚስት ደግሞ «አንተ ርካሽ ጎማ ስለምትገዛ ነው» አለች። ለጎማው የወጣው ገንዘብ ለትልቁ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ነበርና ነገሩ ከረረ። እርሷም ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ልጆቿን በባጃጅ ማመላለስ ጀመረች።

ቤታችን ሲመጡ እኔ ስለ ንግግር ልስላሴ ረዘም ያለ ምክር ሰጠኋቸው። ምክሩ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ችግሩን አልነካም። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ለመሆኑ ጎማውን አውልቆ ያየው ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ወደ ጎሚስታ ሄድን። ወጣቱ ጎማውን ፈትቶ አገላብጦ አሳየን። በውጭ በኩል ጥርሱ ገና አዲስ ይመስላል። በውስጥ በኩል፣ ቆመን ስናየው በማይታየን ጠርዝ ላይ ግን ልሙጥ ሆኖ ሽቦው ብቅ ብሏል። «ጋሼ፣ ይሄ የአነዳድ ጥፋት አይደለም፤ የአላይመንት ነው» አለው። ባልም «አላይመንትማ ጎማውን ስቀይር አሠርቻለሁ» አለ። ሲጣራ ለካ የተሠራው የፊቱ ብቻ ኖሯል!

የኋላ ጎማ ለምን ከውስጥ ያልቃል?

በአገራችን የለመድናቸው እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ መኪኖች የኋላ እግራቸው በአንድ ወጥ ብረት የተያያዘ ስለሆነ በብሎን የሚስተካከል ነገር የለውም። ስለዚህ ብዙ ባለሙያ «አላይመንት» ሲባል የፊቱን ብቻ ማየት ለምዷል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን የኋላ እግራቸው በበርካታ ክንዶች የተያዘ ነው፤ እንደ ፊቱ ሁሉ ይለካል፣ ይስተካከላልም።

ሰው ሲራመድ የእግሩን ጣቶች ወደ ውጭ ከፍቶ ቢሄድ የጫማው ሶል በአንድ ወገን ያልቃል። ጎማም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት ከማየት ይልቅ ትንሽ ወደ ውጭ ከዞሩ፣ እየተንከባለሉ ሳለ ወደ ጎን ይፋተጋሉ። ይህን ባለሙያዎች «ቶ» ይሉታል። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን ደግሞ «ካምበር» ይሉታል። ጥቂት ማዘንበል መኪናው ሲሠራም የታሰበ ነው፤ «ቶ»ው ሲበላሽ ግን ሸክሙን የተሸከመው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ይበላል።

ስሕተቱ ትንሽ መሆኑ አያታልላችሁ። አንድ ጎማ ከአንድ ዲግሪ አምስተኛውን ያህል ብቻ ቢዞር፣ በየኪሎ ሜትሩ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ጎን እንደ መጎተት ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሲሰላ ጎማው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በጎኑ የተጎተተ ያህል ነው!

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከባድ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ባትሪው ብቻውን ወደ 500 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የእነዚህ ባልና ሚስት መኪና የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው፤ እግር ከፔዳሉ ላይ ሲነሣም ባትሪውን እየሞላ የሚይዘው በእነዚያው ጎማዎች ነው። ስለዚህ ትንሿ ስሕተት በዚህ መኪና ላይ ቶሎ ትጎዳለች። ክፋቱ፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከዞሩ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪውም አይጎትትም። ምንም ምልክት ሳይሰጥ አንድ ቀን በክረምት ዝናብ፣ ልጆች ተጭነው ሳለ ሊፈነዳ ይችላል።

ምን ተደረገ?

መኪናው በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሄደ፤ አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ገባ። ባለሙያው መጀመሪያ የተጣመመ ክንድ ወይም የላላ ቡሽ አለመኖሩን አየ፤ ይህ ሳይታይ የሚሠራ አላይመንት አይጸናምና። ከዚያ የኋላውን በማስተካከያ ብሎኖቹ አስተካከለ፣ ቀጥሎ የፊቱን። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት የያዘ ወረቀትም ሰጠው። ዛሬ ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ አዲሶቹ ጎማዎች ከዳር እስከ ዳር እኩል እየሄዱ ነው።

እናንተስ?

መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በኋላ ጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ በጥንቃቄ መዳፋችሁን አሳልፉ። እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጠጣችሁ «ቶ»ው ተበላሽቷል። ሽቦ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩ። መሐሉ ብቻ ካለቀ አየሩ በዝቷል፤ ሁለቱ ዳር ካለቀ አየሩ አንሷል፤ አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ ግን አላይመንት ነው። የኋላውን ወደ ፊት ማዟዟር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ። በክሪክ ስታስነሡም ለዚሁ ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ባትሪው ከሆዱ ሥር ነውና።

ባልየው ከአዲስ አበባ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ቁልፉን ለሚስቱ መስጠት ነበር። «ሳላይ ፈረድኩብሽ» አላት። እርሷም ስለ «ርካሽ ጎማ» ይቅርታ ጠየቀችው። እኔም በበኩሌ ተማርኩ። እነዚህ ሁለቱ በተኳረፉባቸው ሳምንታት እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር፤ መኪናቸው ቀጥ ብሎ እንደሚሄደው ማለት ነው። ያለቀው በማይታየው ወገን ነበር።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲበላሽ «ማን አጠፋ?» ከማለታችሁ በፊት አብራችሁ ጎንበስ ብላችሁ «የት ነው ያለቀው?» በሉ። ጌታ ቢፈቅድ በሚቀጥለው እትም እንገናኛለን። ቤታችሁ ይባረክ።