አኦርታን ለአዲስ አበባ መተው

በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ስለ ልብና ስለ ደም ቧንቧ ሕክምና የሚነገረው ዜና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ከውጭ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ይመጣል፤ ደረት ይከፈታል፤ «በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚል ርዕስ ይወጣል፤ ባለሥልጣን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ዜናው ሐሰት አይደለም፤ የሚተርፈው ሰው ሕይወትም ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ያለው ከዜናው በኋላ በጤና ኃላፊውም፣ በባለሙያውም፣ በታማሚውም አእምሮ ውስጥ በሚቀረው ሐሳብ ላይ ነው፦ የአኦርታ ነገር የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፣ ቦታውም አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ነው የሚለው። ይህ ሐሳብ ከሚሴ ላይ ሰው ይገድላል።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። መንገዱ ክፍት ሲሆን እንኳ ጉዞው የግማሽ ቀን ነው፤ ክፍት የማይሆንበትም ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተቀሰቀሰው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ራሱ ከሚሴ ሲደርስ፣ የአካባቢው ሰው ይህን በሚገባ አይቶታል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በደዌ ሐረዋ ወይም በአርጡማ ፉርሲ ገጠር ለሚኖር ገበሬ ደግሞ ከሚሴ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው።

አሁን አኦርታ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። አኦርታ ከግራው የልብ ክፍል ወጥቶ በደረትና በሆድ ቁልቁል የሚወርድ፣ በሰውነት ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ስትመታ እያንዳንዱን ምት መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። ግድግዳው ሦስት ድርብ ሲኖረው፣ ጉልበቱ ያለው በመካከለኛው ነው። ይህ ድርብ ኢላስቲን ከሚባል ተለጥጦ ወደ ቦታው ከሚመለስ ፕሮቲን በተሠሩ በርካታ ስስ ንጣፎችና በመካከላቸው ባሉ የጡንቻ ሕዋሳት የተገነባ ነው። ሰውነት ኢላስቲንን የሚሠራው በአብዛኛው በጽንስነትና በልጅነት ነው። ጎልማሳ ሰው የተበጠሰበትን እንደ ቀድሞው አድርጎ መተካት አይችልም፤ በልጅነቱ የተሠራለትን ይዞ ያረጃል።

ከፍተኛ የደም ግፊት እነዚህን ንጣፎች በየምቱ ይጎዳቸዋል። ባለቤታቸው ግን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ምንም አይሰማውም። ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ሰርግ ይደግሳል። ከዚያ አንድ ቀን የውስጠኛው ሽፋን ይቀደድና፣ ጠርዙ የተተረተረ ጋቢ ድርብ በድርብ እንደሚላቀቅ፣ ደም በግድግዳው መካከል ሰርጎ ድርቦቹን ይለያያቸዋል፤ የአኦርታ መሰንጠቅ የሚባለው ይህ ነው። ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ እግር የሚሄደው ቅርንጫፍ ሊዘጋ ይችላል፤ ደሙ ወደ ልብ ከረጢት ከፈሰሰ ደግሞ ልብ ታንቃ ትቆማለች። ቀዳዳው ከልብ በሚወጣው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ከሆነ፣ ሳይታከም በቆየ በያንዳንዱ ሰዓት ከመቶ ታማሚዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይሞታሉ፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የከሚሴ ታማሚ ሪፈር እስኪጻፍለት፣ አምቡላንስ እስኪገኝለትና አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚያልፉትን ሰዓቶች አንባቢ ራሱ ያስላቸው።

ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው ማይክል ደቤኪ የአኦርታ ቀዶ ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። የተበላሸውን ቧንቧ የሚተካውን የዳክሮን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በልብስ ስፌት መኪና ሰፍቶ የሠራው፣ የአኦርታ መሰንጠቅንም በዓይነት የከፈለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ፣ በ97 ዓመቱ፣ የገዛ አኦርታው ተሰነጠቀ። ሕመሙ ሲጀምረው የልብ ድካት መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 በሂውስተን፣ ራሱ ባሳደገው ሆስፒታል፣ ራሱ ባዳበረው ዘዴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ። ለወራት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ወጪውም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ተዘግቧል። ዓለም በጉዳዩ ያላት ከሁሉ የላቀ እውቀት በአልጋው ዙሪያ ተሰብስቦ እንኳ ማዳኑ ይህን ያህል ከባድ ነበር።

የላቦራቶሪው ምርምርስ ወዴት አመራ? ማርፋን በሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ አኦርታቸው የሚሰፋ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ረጃጅሞች፣ ጣቶቻቸውም ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። የበሽታው ምክንያት ፋይብሪሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዝዘው ጂን መበላሸት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1991 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሎሳርታን የተባለው መድኃኒት በአይጦች ላይ የአኦርታውን መስፋት እንደሚገታ ሲታይ ትልቅ ተስፋ ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው በ608 ልጆችና ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ሎሳርታንን ከቀድሞው መድኃኒት ከአቴኖሎል ጋር አወዳድሮ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 በርካታ ሙከራዎችን ያጠቃለለ ጥናት የሎሳርታን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች የመስፋቱን ፍጥነት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አሳየ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ከጂን እስከ አይጥ፣ ከአይጥ እስከ ሰው የተጓዘው ያ ሁሉ ምርምር መጨረሻ ላይ የጨበጠው ሁለት ተራ የደም ግፊት ክኒኖችን ነው።

ስለዚህ የአኦርታ ሕይወት የሚወሰነው ደረት ከመከፈቱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግፊት በሚለካበት ወንበር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከእነርሱም እጅግ የሚበዙት መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ይህ ቁጥር እንደ ቀዶ ሕክምናው ዜና ርዕስ አይሆንም፤ ፎቶም አይነሣበትም።

የተለመደው አሠራር ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። ግፊት የሚለካው ሰው ሲታመም ነው። ክኒን የጀመረ ሰው ራሱ ሲቀለው «እረፍት ልስጠው»፣ «እንዳይለምደኝ» ብሎ ያቆማል፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይተካበታል። በድንገት ደረቱን ወግቶ በትከሻዎቹ መካከል ወደ ጀርባው የሚዘልቅ ሕመም ሲይዘው «ብርድ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» ይባልና ማስታገሻ ተወግቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበትን ሰው ግፊት በሁለቱም ክንዶች መለካት ምንም ወጪ የለውም። በሁለቱ መካከል ከ20 በላይ ልዩነት ከታየ አኦርታ መጠርጠር አለበት፤ ልዩነት ባይታይም ጥርጣሬው አይቀርም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከመስጠት መቆጠብ፣ የልብ ምቱንና ግፊቱን በፍጥነት ማውረድም ይገባል። ይህን ለማድረግ የልብና ሳንባ ማሽን አያስፈልግም፤ የሰለጠነ እጅና በመደርደሪያ ላይ ያለ መድኃኒት ይበቃል። ታማሚው በሕይወት አዲስ አበባ ከደረሰ እንኳ መንገድ ላይ የሚያቆየው ይኸው ነው።

ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ገበሬ በአዝመራ ወቅት በየወሩ ለሠላሳ ክኒን ከተማ እንዲወጣ ማዘዝ፣ ክኒኑን እንዲያቆም ከመንገር አይለይም። አገሪቱ ይህን ፈትታ ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤችአይቪ በደማቸው ያለና ጤናቸው የተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተደርጓል። ለቫይረሱ የተቻለው ለደም ግፊት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የአካባቢውን ኑሮ የማያውቅ ምክርም አይሠራም። በዞኑ ጫት ይቃማል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ሲሆን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊት የሚለካ ባለሙያ ስለ ጫት ሳይጠይቅ የጻፈው ቁጥር ምሉዕ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ በረመዳን ወር ክኒን የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማክር ሰው በመጥፋቱ ነው። እንደ አምሎዲፒን ያለ በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ለማፍጠሪያ ወይም ለሱሁር ሊዛወር ይችላል። ይህን በአፋን ኦሮሞ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የማርፋን ጂንን ከሚያውቅ ሐኪም ለብዙ አኦርታዎች ትደርሳለች።

«ታዲያ ቀዶ ሕክምና ይቅር?» የሚል ይኖራል። አይቅር። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ እንዲከፈት ያበቁት ከባዶ ተነሥተው ነው። በዚያ ወረፋ የሚጠብቁ ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ አኦርታው ጠቦ የተወለደ ሕፃን ያለ ቀዶ ሕክምና ወይም ያለ ካቴተር መፍትሔ የለውም። ግን ይህም ቢሆን የሚጀምረው ከሚሴ ላይ ነው፦ አዋላጇ ወይም ነርሷ የአራስ ልጁን የብሽሽት ትርታ ዳስሳ ደካማ ወይም የጠፋ መሆኑን ካላወቀች፣ ማዕከሉ ስለ ሕፃኑ መኖር አይሰማም። የአዋቂው የተሰነጠቀ አኦርታ ደግሞ በዚያው ውስን አልጋና በዚያው ውስን ባለሙያ ላይ የሚጫን ነው፤ አብዛኛውን በክኒን መከላከል ለሕፃናቱ ቦታ መልቀቅ ነው።

በዞኑ ውስጥ በሚገኙት በሰንበቴ የእሑድ ገበያና በባቲ የሰኞ ገበያ ከቆላና ከደጋ የሚወጣው ሕዝብ ብዛት ይታወቃል። በእያንዳንዱ ገበያ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ግፊት መለኪያና አንድ መዝገብ ማኖር የዞኑን በጀት አያናጋም። የዞኑ ጤና መምሪያ የዓመት ሪፖርቱን ሲያቀርብም ምክር ቤቱ ሊጠይቀው የሚገባው ወደ አዲስ አበባ የተላከውን ታማሚ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከተመዘገቡት መካከል ግፊታቸው ከ140/90 በታች የሆነላቸው ስንት እንደሆኑ፣ በየትኛው ወረዳ ስንት ሳምንት አምሎዲፒን እንደጠፋ፣ ቀጠሮ ከቀሩትም ስንቱ በስልክ እንደተፈለጉ በግልጽ ይጠይቀው።