ድምፁ አነሰብኝ ላለው ልጅ ምን እንግዛለት?

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ደምበጫ ሄጄ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትጓዙ አስፋልቱ መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፋት ከተማ ናት። ታላቅ እህቴ እዚያ በርበሬ ትነግዳለች። ቡናው ሁለተኛው ሳይወርድ ጉዳይዋን አወጣችው።

«ወንድምዓለም፣ ይኸ ልጅ ‹ፕለጊን ግዙልኝ› እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። በዶላር ነው አሉ። ለበርበሬ መግዣ ያስቀመጥኳትን ብር ላውጣለት ወይስ ልቆጣው?»

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክራፎንና አንድ ሄድፎን ይዞ በጓዳዋ ክፍል ውስጥ ዘፈን ያቀናብራል። ለዚሁ ሠርግ በማሲንቆና በከበሮ የሠራው ዘፈን፣ አጎቱ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ በእርግጥ ደስ ይላል። ጓደኞቹ ግን «አሪፍ ነው፤ ድምፁ ብቻ አነሰ» አሉት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ታዋቂ አቀናባሪዎች የሚጠቀሙበት ፕለጊን ቢኖረኝ የእኔም ዘፈን እንደነሱ ይጮሃል ባይ ነው።

ሙዚቃ የሚሠራ ልጅ በእናንተም ቤት ካለ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። እኔ ከድምፅ መቅጃ ጋር ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የዚህን ወር ዓምድ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ፕለጊን ማለት በሙዚቃ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ድምፅ ያጎላሉ የሚባሉት በአብዛኛው ሊሚተሮች ናቸው። ሥራቸውን ለእህቴ ያስረዳኋት በራሷ ንግድ ነው። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ካለፈ ጫፉ ተቆርጦ ይሻክራል። ጣሪያውን የጆንያ አፍ በሉት። ዛላ በርበሬ ዝም ብላችሁ ብትጨምሩ በየመሀሉ ክፍት ቦታ ይተርፋል፤ ጠቅጠቅ ስታደርጉት ግን ብዙ ይገባል። ሊሚተርም ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት የሚዘለውን ጫፍ ዝቅ አድርጎ የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ ያነሣዋል። አማካዩ ከፍ ሲል ጆሮ «ጎላ» ይላል።

«ጠቅጠቃው ሲበዛስ?» አልኳት።

«ዛላው ይሰበራላ! ፍሬው ይረግፍና ገዢ ዞር ብሎም አያየው።»

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

በኮምፒውተር ላይ ይህን ጠቅጠቃ ካስለመዱት አንዱ፣ ዌቭስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ኤል 1 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አልበም ሁሉ ከሌላው ልቆ ለመጮህ ተሽቀዳደመ። በ2008 የወጣው የሜታሊካ ዴዝ ማግኔቲክ ከመጠን በላይ ተጠቅጥቆ ስለነበር ቅሬታ ያነሡት የገዛ አድናቂዎቹ ናቸው። ለቪዲዮ ጌም የተሰጠው ቅጂ ያን ያህል ስላልተጠቀጠቀ «ይሄኛው ይሻላል» ብለው እሱን እስከመፈለግ ደርሰዋል።

የእኛን ልጅ ያየሁት ማታ በድንኳኑ ነው። ለካ ጓደኞቹ እንደዚያ ካሉት በኋላ በነፃ ያገኘውን ሊሚተር እስከ መጨረሻው ገፍቶት ኖሯል። ዘፈኑ በፍላሽ ተከፈተ፤ ሰው «እሰይ!» ብሎ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ ግን ትከሻው ሁሉ ዛለ። ከበሮው እንደ ዝናብ ያለማቋረጥ «ሽሽሽ» ይላል እንጂ አይመታም። ቀጥሎ አዝማሪው በአንድ ማሲንቆና በአንድ ከበሮ ገባ። ድምፁ ከስፒከሩ በጣም ያነሰ ቢሆንም አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ተነሡ። እስክስታ የሚያስወርደው በምቱና ከምቱ ቀጥሎ ባለችው ዝምታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሊሚተር ሲበዛ የሚበላው ያንን ነው።

ጓደኞቹን ግን አልፈርድባቸውም። በሚኒባስ ውስጥ ከፍላሽ ላይ ዘፈን ከዘፈን ሲከታተል የድምፁን መጠን የሚያስተካክል የለም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ጎላ ያለው የተሻለ ይመስላል። ይህ የጆሮ ጠባይ ነው፤ ፕለጊን ሻጮችም ያውቁታል። ስለዚህ አንድ ፕለጊን ስትሞክሩ የጨመረውን ያህል መውጫውን ዝቅ አድርጉና፣ ከነበረው ጋር እኩል እየጮኸ አወዳድሩ። ያን ጊዜም ካማራችሁ በእርግጥ አምሯል።

በማግስቱ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ከፈትነው። በኮምፒውተር ቪዲዮው ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል ምርጫ ይወጣል። እዚያ ውስጥ የቮሊዩም መስመር አለ። የልጁ ዘፈን ዩቲዩብ ከሚፈልገው በ6 ዴሲቤል እንደሚበልጥና 50 በመቶ ብቻ እየተከፈተ እንደሆነ ይናገራል። ዩቲዩብ አማካይ ድምፁ ከ-14 ለፍስ አካባቢ ያለፈውን ሁሉ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለፍስ ጆሮ የሚሰማውን የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው። ድምፁ ዝቅ ቢደረግም የተሰበረው ዛላ ግን ተሰብሮ ይቀራል። ልጁ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበበው።

እንግዲህ ምን እንግዛ? በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚጮህ ሳይሆን የሚለካ ፕለጊን ነው። ዩሊን ላውድነስ ሜትር ነፃ ቅጂ አለው፤ ለቤት ሥራ ይበቃል። ሊሚተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጃችሁ ነው፤ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ከፍሩቲ ሊሚተር ጋር፣ ሪፐርም ከሪያሊሚት ጋር ይመጣሉ። እነዚህ ካልተመቹ ላውድማክስ ነፃ ነው። ፋብፊልተር ፕሮ-ኤል 2 እና አይዞቶፕ ኦዞን ስማቸው የተጠራው በከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከነፃዎቹ ጋር ያላቸው ልዩነት ጎልቶ የሚሰማው አጥብቃችሁ ስትጠቀጥቁ ነው። ሁለቱም የሙከራ ጊዜ ስላላቸው ሳይሞክሩ ዶላር ማውጣት አያስፈልግም። የተሰበረ ቁልፍ ያለው ቅጂ በፍላሽ ተቀብሎ መጫንን በተመለከተ፣ ከሕጉ ሌላ ቫይረስ ገብቶ የዓመት ሥራ ሲያጠፋ አይቻለሁና አልመክርም።

አጠቃቀሙን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጣሪያውን -1 ዴሲቤል ላይ አስቀምጡ፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ትንሽ ስለሚያድጉ መጠባበቂያ ይሆናል። ከበሮው ሲመታ ሊሚተሩ ከ2 ወይም 3 ዴሲቤል በላይ የሚቀንስ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ሚክሱ ውስጥ ነው። የእኛ ልጅ ማይክራፎኑ የቀዳውን ዝቅተኛ ጉርምርምታ አልቆረጠውም ነበር፤ ለጆሮ ሳይሰማ ግማሹን ጆንያ ይዟል። ማሲንቆውም ከዘፋኟ ድምፅ ጋር በአንድ ቦታ ይጋፋ ነበር። ስትዘፍን ማሲንቆውን ትንሽ ዝቅ፣ ስታቆም ከፍ ሲያደርገው ማንም ፕለጊን ያልሰጠውን ጉልህነት አገኘ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በገና ስለምወድ ነው። የዓለሙ አጋን በገና የሰማችሁ ያንን ነዛሪ ድምፅ ታውቁታላችሁ። አሥሩ አውታሮች ወፋፍራም ናቸው፤ በአውታሮቹና በድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ባይኖሩ ድምፁ ለስላሳና ሩቅ ይሆን ነበር። እንዚራው ሲነዝር በዋናው ድምፅ ላይ ቀጫጭን ድምፆች ይጨምርበታል፤ ጆሮም በቀላሉ ይይዘዋል። ሳቹሬሽን የሚባሉት ፕለጊኖች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በስልክ ስፒከር የማይሰማ ቤዝ ጥቂት ሳቹሬሽን ሲጨመርበት የሚሰማው ለዚህ ነው።

ወላጆች፣ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ልጁ ሌሊት አምስትና ስድስት ሰዓት ሄድፎኑን ከፍ አድርጎ ይሠራል። «ስተኛ ጆሮዬ ጭው ይላል» ያለኝ እንደ ቀልድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል ይፈቅዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የደከመ ጆሮ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጣ ይበልጥ ያስጮሃል። የልጁ ዘፈን «ያነሰበት» አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ልጃችሁ ጆሮዬ ይጮሃል ካላችሁና በዕረፍት ካልተወው ወደ ጆሮ ሐኪም ውሰዱት፤ አንዴ የጠፋ የመስማት አቅም ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም ሁለት ቅጂ ላከልኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልነገረኝም። ደውዬ «ለእናትህ አስመርጣት» አልኩት። ድምፃቸውን እኩል አድርጎ አሰማት።

«ሁለተኛው» አለች እህቴ ከሩቅ። «ማሲንቆው ይሰማል። ያኛውን በርበሬ ስቀነጥስ ብሰማው ራሴን ያመኛል።»