ፈረስ ሲገዙ፣ ሐኪም ሲመርጡ

አማቼ ፈረስ ለመግዛት ሦስት ገበያ ተመላልሷል። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ በሶምሶማ አስኪዶ ያጤናል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ የሻጩን ጎረቤት ይጠይቃል። አልነቅፈውም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባለበት አገር ፈረስ በወሬ አይገዛም። የነቀፍኩት ሌላ ነው። ይኸው ሰው ማክሰኞ መጣና «ለእህቴ ልጅ የአእምሮ ሐኪም አግኝተናል፤ ጎበዝ ነው ይላሉ» አለኝ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ!»

«ምን አይቶ?»

«ወረፋው አይጣል ነው!»

ወረፋ ጎበዝ የሚያሰኝ ቢሆን የቀበሌያችን ስኳር አከፋፋይ ይኼኔ ፕሮፌሰር ነበር።

የእኔና የአማቼ ጭቅጭቅ የቆየ ነው። እሱ «ሐኪም አይጠየቅም» ባይ ነው። እኔ ደግሞ አለመጠየቅ ያስከፈለኝን አልረሳም። ከዓመታት በፊት የአክስቴን ልጅ ይዤ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የት እንደሆነ ይቅር። ልጁ ሌሊት አይተኛም፣ «ሰው ይከተለኛል» ይላል። ሐኪሙ ግን የሚያየው እኔን ነበር። «መቼ ጀመረው? ይበላል? ይሳደባል?» ልጁ አጠገቤ እንደ ጆንያ ተቀምጧል። ሃሎፔሪዶል ታዘዘና ወጣን። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተጣመመ፣ ምላሱ ተሳሰረ። አክስቴ «መድኃኒቱ ልጄን ሊገድለው ነው!» ብላ ኪኒኑን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ እንደሚያኮማትር፣ መጠኑን በመቀነስ ወይም ሌላ ኪኒን በመጨመር እንደሚስተካከል የነገረችን ከስድስት ወር በኋላ ያገኘናት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ልጁ ያን ሁለት ደቂቃ በማጣቱ ስድስት ወር ያለ ሕክምና ከረመ።

እንግዲህ የሐኪምን ጥርስ የማየው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ማንን ያያል፣ ታማሚውን ወይስ አስታማሚውን? ሁለታችንንም ለየብቻ ያነጋግራል? የመድኃኒቱን ስም፣ መቼ እንደሚሠራና ምን ሊያመጣ እንደሚችል ይናገራል? የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ይህን ያልሰማ ሰው በአምስተኛው ቀን «አልያዘልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ስለ አረቄ፣ ስለ ጫት፣ ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል? የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ሰውን እንደሚያስጨንቅና እንደሚያፈዝዝ አስቦ ደም ያስመረምራል?

ጸበልስ ሲባል ፊቱን ያጠቁራል? እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ከካህናቱ ጋር ተባብረው ሠርተዋል፤ ታማሚው ጸበሉንም ኪኒኑንም ይወስዳል። «አንዱን ምረጡ» የሚል ሐኪም የእኛን አገር እናት አያውቃትም። እሷ ጸበሉን አትተውም። ወይ ኪኒኑን ትተዋለች፣ ወይ ትዋሸዋለች።

«ምርጫ በሌለበት ምን ይመረጣል?» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሽ እውነት። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪም ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በ1995 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት 11 ብቻ ናቸው። ዛሬ ቁጥሩ ጨምሯል፤ እንጅባራ ላለ ሰው ግን ፍለጋው አሁንም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊያደርስ ይችላል። ቢሆንስ? ገበያው ላይ አንድ ፈረስ ብቻ ቢቀርብ ሰኮና ማንሣት ይቀራል? ባንመልሰው እንኳ እንዴት እንደምንይዘው እናውቅበታለን።

ይህን ሁሉ ለአማቼ ዘረዘርኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «ይሁን፣ ልጠይቅ። እህቴ ግን ከአውንጊ ሌላ ቋንቋ አትችልም» አለ።

«ታዲያ ማን ሊያስተረጉም ነው?»

«ትንሿ ልጇ አለች።»

ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው። እናት «ልጄ ራሱን ሊያጠፋ ነው ብዬ ገመዱን ሁሉ ደበቅሁ» የምትለውን በ12 ዓመት ሕፃን አፍ ልታስነግር ነው! ወይ ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ወይ እናትየው ትደብቀዋለች። የተደበቀው ደግሞ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ሊሰማው የሚገባው ነው። አዊ ዞን ውስጥ ሕፃን በአውንጊ ፊደል ይቆጥራል፣ መሥሪያ ቤቱ በአውንጊም ይሠራል። ልብ የሚገለጥበት ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን የእናት ቋንቋ በልጅ ትከሻ ይወድቃል። ለካ እኔም ስለ ሐኪሙ ይህን ሁሉ ጥያቄ ስደረድር «ቋንቋችንን ይሰማል?» የሚለውን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣሁም።

አማቼ ሐሙስ ይሄዳል። ትንሿ ልጅ ትምህርት ቤቷ ትውላለች፤ በእሷ ቦታ አውንጊም አማርኛም የሚችሉ፣ አፋቸው የሚታመን አንዲት ጎረቤት አብረው ይሄዳሉ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ፈረሱን ግን እስካሁን አልገዛም፤ የኋላ ግራ ሰኮናው አላማረውም።