ፎርሙላ ዋንን ለምትወዱ የአገሬ ልጆች ይድረስ

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

 

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰፈሩ ሁሉ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ ሲከራከር፣ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አምስቱ ቀይ መብራቶች እስኪጠፉ ትንፋሻቸውን ይዘው ለሚጠብቁ ወጣቶች ነው። ዲኤስቲቪ ቤቱ ኳስ ትቶ እሽቅድድም አይከፍትላችሁም፤ በስልካችሁ ታያላችሁ፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ደግሞ ውጤቱን በቴሌግራም ትከታተላላችሁ። ከመካከላችሁ አንዳንዶች በየጊዜው ይጽፉልኛል። "ይህን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ፤ ሙያዬ ላደርገው እችላለሁ ወይ? ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በአጭሩ ከምመልስ ለሁላችሁም በአንድነት ልጻፍ አልኩ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ይቻላል። መጀመሪያው ግን ቪዛ አይደለም። መጀመሪያው ዛሬ ባላችሁበት፣ በእጃችሁ ባለው ነገር አንድ ሥራ ሠርቶ፣ ለምን እንደዚያ እንደ ሠራችሁት ማስረዳት መቻል ነው።

የምኖረው በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ከሲልቨርስቶን ብዙም ሳይርቅ ነው፤ እንጀራዬንም የማገኘው ለውድድር መኪኖች ክፍሎችን ከሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነው። ሲልቨርስቶን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሜዳው ለእሽቅድድም ዋለ፤ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ውድድርም እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1950 እዚያው ተካሄደ። ዛሬ አስቶን ማርቲን ከሜዳው አጠገብ ፋብሪካ አለው። መርሴዲስ መኪናውን በብራክሊ፣ ሞተሩን በብሪክስዎርዝ ይሠራል፤ ሬድ ቡል በሚልተን ኪንስ፣ ዊሊያምስ በግሮቭ፣ አልፒን በኤንስቶን፣ ማክላረን በዎኪንግ ናቸው። በነዚህ መካከል ስማቸው በቴሌቪዥን የማይጠራ ብዙ ትናንሽ ወርክሾፖች አሉ። እናንተ የምታዩት ሹፌሮቹን ነው፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ቡድን ጀርባ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች አሉ። ሹፌር ለመሆን ከልጅነት ጀምሮ ካርቲንግ መንዳትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። መሐንዲስ ለመሆን የሚጠየቀው ሌላ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል በሰዎቹ በኩል ላሳያችሁ። ሉዊስ ሃሚልተን በመርሴዲስ ሳለ በሬዲዮ "ቦኖ" እያለ የሚጠራው ፒተር ቦኒንግተን የውድድር መሐንዲሱ ነበር። ሹፌሩ "ከመታጠፊያው ስወጣ የኋላው ይንሸራተትብኛል" ሲል፣ መሐንዲሱ ያንን ስሜት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሴንሰሮች ከሚመጣው ቁጥር ጋር አስተያይቶ መፍትሔ ይሰጣል። በሬድ ቡል መቼ ጎማ ይቀየር የሚለውን ከሚወስኑት ዋናዋ ሃና ሽሚትስ ናት። ሮስ ብራውን የጀመረው በሃርዌል የአቶሚክ ኃይል ምርምር ጣቢያ የእጅ ሙያ ተለማማጅ ሆኖ ነው፤ በኋላ ማይክል ሹማከር ሰባቱንም ሻምፒዮናዎች ሲያሸንፍ የቴክኒክ ኃላፊው እርሱ ነበር። ዚምባብዌ የተወለደችው የኬሚካል መሐንዲስ ስቴፋኒ ትራቨርስ ደግሞ ከመርሴዲስ ጋር የነዳጅና የዘይት ናሙና በውድድሩ ሜዳ ትመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኦስትሪያ በተካሄደው የስቲሪያ ግራንድ ፕሪ የቡድኑን ዋንጫ ተቀብላ በፎርሙላ ዋን መድረክ ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። ከአፍሪካ የተነሣች ሴት እዚያ መድረሷን ሴት ልጆቻችን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ውድድርን እንደ መሐንዲስ ማየት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። የሜክሲኮ ሲቲው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከፎርሙላ ዋን ሜዳዎች ሁሉ ከፍተኛው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትርን አልፋ ከእርሱም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጫናው ይቀንሳል። ስለዚህ ቡድኖቹ በጠባቡ የሞናኮ ጎዳና የሚጠቀሙበትን ዓይነት ትልቅ ክንፍ ይገጥማሉ፤ የሚያገኙት ጫና ግን በሞንዛ በትንሽ ክንፍ ከሚያገኙት ብዙም አይበልጥም። የአየር ተቃውሞውም ስለሚቀንስ መኪናው በቀጥታው መንገድ በሰዓት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፍሬኑን፣ ሞተሩንና ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚያንስ በመኪናው አካል ላይ ሰፋፊ የአየር መውጫዎች ይከፈታሉ። ቱርቦው የጎደለውን አየር ለማካካስ ከወትሮው በላይ ይሽከረከራል። ካርቡሬተር ያላት አሮጌ ቮልስ ከአዋሽ ተነሥታ አዲስ አበባ ስትገባ ለምን ጉልበት እንደሚያንሳት የሚያውቅ የሰፈራችሁ መካኒክ የዚህን ነገር ሥር ይዞታል። የአውሮፓ መሐንዲሶች በዓመት አንድ ጊዜ የሚታገሉት አየር እናንተ በየቀኑ የምትተነፍሱት ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥናት ብትጀምሩ ማንም አይቀድማችሁም።

መሣሪያ የለንም እንዳትሉኝ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የፎርሙላ ዋንን የቴክኒክ ደንብ ማንም በነፃ እንዲያነበው በድረ ገጹ ያወጣል። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈው ፋስት ኤፍ ዋን የሚባል ነፃ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያሉ ውድድሮችን የዙር ሰዓትና የቴሌሜትሪ መረጃ ያወርድላችኋል። ኦፕን ፎም የአየር ፍሰትን ያሰላል፤ ፍሪ ካድ ዕቃ ለመንደፍ ያገለግላል። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

ለመለማመጃ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። እስከ 2025 በነበረው ደንብ አንድ መኪና ለውድድሩ እስከ 110 ኪሎ ግራም ነዳጅ ይጠቀም ነበር፤ እያንዳንዱ 10 ኪሎ ግራም በአማካይ ሜዳ ላይ አንዱን ዙር በ0.3 ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል። እንግዲህ ዙር በጨመረ ቁጥር ነዳጁ እያለቀ መኪናው ይፈጥናል፤ ጎማው ደግሞ እያለቀ ያዘገየዋል። በሰዓቱ ላይ የምታዩት የሁለቱን ድምር ነው። ከአንድ ውድድር የአንድ ሹፌር ዙሮችን ወስዳችሁ የነዳጁን ድርሻ ከጎማው ለዩት፤ የጎማው ማለቅ በየዙሩ ስንት ሰከንድ እንደሚያስጠፋ አስሉ፤ ከዚያ መቼ መቀየር እንደነበረበት ወስኑና ቡድኑ ካደረገው ጋር አስተያዩ። ምን እንደ ገመታችሁና ስሌታችሁ የት ላይ እንደማይታመን ጭምር በሁለት ገጽ ጻፉት። ለሥራ ስታመለክቱ "ከልጅነቴ ጀምሮ ፎርሙላ ዋን እወዳለሁ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ይጽፈዋል። ሁለቱን ገጽ የሚያያይዝ ግን ጥቂት ነው።

አገራችን ውስጥም የሙያው መሠረት አለ። ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1981 የካርቦን ፋይበር ሻሲ ወደ ፎርሙላ ዋን ካመጣ ወዲህ የመኪናው ዋና አካል ከዚሁ ቁስ ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበርረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለው ጥምር ቁስ የተሠራ ነው። ቦሌ ባለው የጥገና ማዕከል ይህን ቁስ መጠገን የሚያውቅ ቴክኒሻን፣ እኔ ባለሁበት አካባቢ በየወርክሾፑ የሚፈለግ ሙያ በእጁ አለ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ በኋላ ደግሞ የባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና በየጋራዡ እየገባ ነው። ፎርሙላ ዋንም ወደዚያው እየሄደ ነው፤ በ2026ቱ ደንብ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጎ ከመኪናው ኃይል ግማሽ ያህሉን ይሰጣል። ሶማሌ ተራ ዙሪያ ቶርኖ ላይ ቆሞ የጠፋ መለዋወጫ ከብረት የሚያወጣውን ባለሙያም አትናቁት። ክረምቱን እርሱ ዘንድ ሄዳችሁ ልኬትና ቁሳቁስ ተማሩ። በኮምፒውተር የነደፈውን ዕቃ ማሽን ላይ ማውጣት እንደማይቻል የማያውቅ መሐንዲስ እዚህም ብዙ ሰው ያደክማል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ በር አለ፤ ፎርሙላ ስቱደንት ይባላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ በ1998 ወደ እንግሊዝ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ነው። ተማሪዎች አንድ አነስተኛ የውድድር መኪና ነድፈው፣ ሠርተውና ወጪውን አስልተው በጁላይ ወር ሲልቨርስቶን ይዘው ይመጣሉ። መኪናው በ60 ዲግሪ ሲጋደል መገልበጥ የለበትም፤ ፍሬን ሲያዝ አራቱም ጎማዎች መቆለፍ አለባቸው፤ ሹፌሩ ቀበቶውን ፈትቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት። ከዚያ 22 ኪሎ ሜትሩ የጽናት ውድድር ይመጣል፤ ብዙዎቹ ሳይጨርሱት ይቀራሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የንድፍ ዳኝነቱ ነው። ዳኛው ከፊት ጎማው አጠገብ ይንበረከክና አንዲት ዘንግ በጣቱ ነክቶ "ይህን ውፍረት ለምን መረጣችሁ?" ይላል። "የአምናው ቡድን እንደዚህ ስለ ሠራው" ያለ ነጥብ ያጣል። "ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ጭነት አሰላን፤ ከዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስበን ለካነው፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ሆነ፤ ምክንያቱም ይህ ይመስለናል" ያለችውን ተማሪ ግን ዙሪያዋን የቆሙት መሐንዲሶች ጠጋ ብለው ይሰሟታል። እነዚህ ሰዎች በሥራ ቀናቸው ሠራተኛ የሚቀጥሩ ናቸው። ከካይሮና ከዓይን ሻምስ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ የግብፅ ተማሪዎች በዚህ ሜዳ ተወዳድረዋል። ከአምስት ኪሎ፣ ከአዳማ ወይም ከባሕር ዳር የመጣ ቡድን ማየት ምኞቴ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ መኪና መሥራት ለአንድ ተማሪ የማይሞከር ቢሆንም የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪካል፣ የሶፍትዌርና የማኔጅመንት ተማሪዎች ቢተባበሩ ይሠራል።

እውነቱን ሳልሸፍን መንገሩም የእኔ ድርሻ ነው። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለመሥራት ስፖንሰር የሚሆን ቀጣሪ ያስፈልጋል፤ ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ወጪ አይደፍሩትም። ክራንፊልድና ኦክስፎርድ ብሩክስ ዩኒቨርሲቲዎች በሞተር ስፖርት ምሕንድስና ማስተርስ ያስተምራሉ፤ ክፍያው ግን ለቤተሰብ ከባድ ነው። ቼቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂውም ለሁለት ዓመት አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። ሥራው ሲገኝም በዓመት እስከ 24 ውድድሮች አሉ፤ ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር ማሳለፍ የማይቻልበት ዓመት ይበዛል። ለኤጀንት ገንዘብ ከፍሎ "ፎርሙላ ዋን አስገባሃለሁ" የሚል ተስፋ መግዛት ፈጽሞ አይገባም። እንዲህ ያለ መንገድ የለም።

ፎርሙላ ዋን ብቸኛው በርም አይደለም። ሳፋሪ ራሊ ከ2021 ጀምሮ ወደ ዓለም የራሊ ሻምፒዮና ተመልሶ ኬንያ ውስጥ፣ በጎረቤታችን ይካሄዳል። ፎርሙላ ዋን በአፍሪካ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካው ክያላሚ ነው፤ ሩዋንዳ በ2024 መጨረሻ ላይ ውድድሩን ለማዘጋጀት ጥያቄ ማቅረቧን አስታውቃለች። ፎርሙላ ስቱደንት ላይ የተማረ ሰው ውድድር ውስጥ ባይቀጠር እንኳ አውሮፕላን፣ ባቡር ወይም የኤሌክትሪክ አውቶቡስ የሚሠራበት ቦታ ይፈልገዋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መኪና ፈትታ ስትገጥም ጊዜዋን ያባከነች አይምሰላችሁ።

የምማጸናችሁ ይህን ነው። ተማሪዎች፣ በዚህ ሴሚስተር አምስት ስድስት ሆናችሁ ተሰብሰቡና የፎርሙላ ስቱደንትን ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። የዘንድሮ ሥራችሁ አንድ የፍሬን ፔዳል ብቻ ቢሆን እንኳ አስሉት፣ ሥሩት፣ ፈትኑት፣ ውጤቱንም ጻፉት። መምህራን፣ ለነዚህ ልጆች የወርክሾፑን ቁልፍ ስጧቸው። በውጭ አገር በሙያው ያላችሁ ወገኖቼም ከደመወዛችሁ በፊት ጊዜያችሁን አካፍሉ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት የተማሪዎችን ስሌት ማረም ብዙ ይሠራል። እኔ በበኩሌ ሠርታችሁ የምትልኩልኝን ሁሉ አንብቤ እመልሳለሁ።

ደህና ሁኑልኝ።

አክባሪ ወንድማችሁ፣
ከእንግሊዝ አገር