የፎቶግራፍን ዳር በእጅ ስለ ማስዋብ

በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ያገላበጠ ሰው፣ የብዙዎቹ ዳር በቀጥታ መስመር ያልተቈረጠ፣ ይልቁንም እንደ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ፎቶግራፍ አጣቢዎች ይህን ጌጥ በልዩ መቍረጫ ያበጁት ነበር። መልኩ ግን ከፎቶግራፍ በፊት የነበረ ነው። ወረቀት በእጅ በሚሠራበት ዘመን፣ ተፈጭቶ በውሃ የተበጠበጠው ጨርቅ በወንፊት ላይ ሲጠልል፣ ጥቂቱ በወንፊቱ ዙሪያ ከተገጠመው የእንጨት ክፈፍ ሥር እየሾለከ ዳሩን ቀጭንና ቃጫማ ያደርገው ነበር። ወረቀት በመኪና መሠራት ከጀመረና ዳሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ከተቈረጠ ወዲህ፣ ያ ያልተስተካከለ ዳር የጥሩ እጅ ሥራ ምልክት ሆኖ ተከበረ። ሰው የናቀውን ካጣው በኋላ መናፈቁ የተለመደ ነው።

ይህን ሥራ በቤት እንዴት መሥራት እንደሚቻል ከመግለጣችን በፊት ግን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በወጣትነታችን የወላጆቻችንን የሠርግ ፎቶግራፍ ለማሳመር ብለን መቀስ አነሣን፤ ዳሩም አማረልን። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወላጆቻችን ካረፉ ወዲያ፣ ልጆቻችን «ከአያታችን አጠገብ የቆመችው ሴት ማን ናት?» ብለው ጠየቁን። ሥዕሉን ገልብጠን ብናይ፣ አባታችን ስሟንና ቀኑን ከጻፉበት መስመር የቀረው የፊደላቱ አናት ብቻ ነበር። ዕድሜ ጠገብ ዘመዶቻችንን ሁሉ ጠይቀን ነበር፤ የሚያውቃት አልተገኘም።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ያለውን አንድያ ፎቶግራፍ መቀስም ሆነ ውሃ አይንካው። ፊቱንም ጀርባውንም በመቅጃ መሣሪያ ቀድታችሁ፣ ከጥጥ በተሠራ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሙት፤ በዙሪያውም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ ዳር ይተውለት። ዋናው ግን እንዳለ በፖስታው ውስጥ ይቀመጥ።

ቅጂው በሚገባ ከደረቀ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስተኙት። በጀርባው ላይ የብረት ማስመሪያ አኑራችሁ፣ በቀጭን ብሩሽ በማስመሪያው ጠርዝ አንድ መስመር ውሃ ቀቡ፤ አንድ ደቂቃ ያህልም ቈዩ። ውሃውን በጀርባ በኩል የምንቀባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጨለማ ክፍል የታጠበ ሥዕል ፊቱ የጀላቲን ሽፋን ስላለው ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይጣበቃልም፤ በቀለም ማተሚያ የወጣ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ሊፈስስ ይችላል። ከዚያም በአንድ እጅ ማስመሪያውን አጥብቆ ይዞ፣ በሌላው ትርፉን ወረቀት በቀስታ ወደ ላይና ወደ ራስ እየሳቡ መቅደድ ነው። የቸኰለ እጅ ቅዱን ወደ ሥዕሉ ያስገባዋል። አስቀድሞ በተበላሸ ወረቀት መለማመድ ይገባል፤ እኛ አራት ያህል ካበላሸን በኋላ ነው እጃችን የተስተካከለው። አራቱም ዳር ካለቀ በኋላ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጎ፣ በላዩ ከባድ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ነው።

በዛሬው ጊዜ ከፎቶ ቤት የሚወጡት አብዛኞቹ ሥዕሎች በሁለት ወገን በፕላስቲክ የተለበጡ ስለ ሆኑ ይህን አይቀበሉም፤ ሲቀደዱ ይለጠጣሉ እንጂ ቃጫ አያወጡም። ለእነዚህ ጥርስ ያለው የጌጥ መቀስ ይሻላል። መቀሱን እስከ ጫፉ ሳይገጥሙ ቈርጦ፣ የሚቀጥለውን ቍርጥ ካለፈው የመጨረሻ ጥርስ ላይ አስማምቶ መጀመር ነው፤ አለዚያ አይጥ የበላው ይመስላል።

ሥዕሉን በአልበም ስታስገቡት በማዕዘን መያዣ ያዙት፤ ሙጫ ቃጫውን ያስተኛዋል፣ ጀርባውንም ይሸፍነዋል። በጀርባውም ላይ፣ ከዳሩ ራቅ አድርጋችሁ በመካከሉ፣ በለስላሳ እርሳስ የሁሉንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ።